ወደ ነበረበት መልስ

ለጭራሮው ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ እንቅልፍህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? ቀኑን ሙሉ ተንበርክከህ ሴራሚክ ስታነጥፍ ትውልና ስትነሳ እንደ ሽማግሌ ታቃስት ነበር። ከጉልበትህ ስር የምታደርገው ወፍራም ጨርቅ ሰፍቼ ብሰጥህ «ሰው ይስቅብኛል» ብለህ ትተኸው ሄድክ፤ አሁንም ተጣጥፎ እዚሁ ተቀምጧል። ጭራሮ ያልኩህ በልማድ ነው፤ እዚያ ሄደህ ደልበህ ከሆነ ይቅርታ አድርግልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔ ደከም ስላለ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት አጠገቤ የምትሰፋዋን ሴት መለመን ጀምሬያለሁ፣ ሌላ ስለ ራሴ የሚወራ ነገር የለኝም። እማዬም አለች። የምጽፍልህ ስለ እሷ ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ሴራሚክ የሚያመላልሰው ሹፌር ነው። የምትሠራበትን ሕንፃ አውቀዋለሁ ሲለኝ ከዕቃው ጋር ተጭኜ ልመጣ ምንም አልቀረኝም። ስልክህን ስደውል የምታነሳው «የደወሉት ቁጥር አገልግሎት ላይ የለም» የምትለዋ ሴትዮ ናት። ከመላመዳችን የተነሳ በቅርቡ ልጆቿን ሳልጠይቃት አልቀርም። ቁጥርህን ስትቀይር ለእኔ እንኳን አለመንገርህ ሆዴ ውስጥ ነው ያለው፤ ዛሬ ግን ለመጣላት አይደለም የጻፍኩልህ።

የታብሌቱን ፓስዎርድ እፈልጋለሁ።

አዎ፣ ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ የመጀመሪያው ወሬዬ ይኼ መሆኑ ያስቃል። ለእማዬ ያዘጋጀህላትን ታብሌት ማለቴ ነው። ሐኪሙ ጉሮሮዋ ላይ ያለው ክፉ ነገር ከነድምፅዋ ካልወጣ አይሆንም ሲል፣ እሷም «ተናግሬ ልሙት እንጂ ዲዳ ሆኜ አልኖርም» ስትል፣ ከእግሯ ስር ተቀምጠህ ያግባባሃት አንተ ነህ። ከዚያም ያገለገለ ታብሌት ይዘህ መጣህና በገዛ ድምፅዋ ቃል በቃል አስቀዳሃት። የብርጭቆውን ሥዕል ስትነካው «ውሃ»፣ የመስኮቱን ስትነካው «ኧረ ክፈቱት፣ አፈናችሁኝ»፣ የኔን ፎቶ ስትነካው «እሜቴ!»። አንተ ፊት እንደዚያ እየሳቀች የቀዳችው ነገር ቤታችንን እንዴት እንዳቆመው አላየህም። «ውሸትህን ነው» የሚለውን አስታወስከው? ሐኪሙ «ትንሽ ብቻ ነው የሚያምዎት» ሲላት ነካችው። ሐኪሙ ደነገጠ፣ ነርሷ ፊቷን አዙራ ሳቀች፣ እኔ መግቢያ ጠፋኝ።

ምን ዋጋ አለው፣ እያደር ታብሌቱ ዘገመ። «ውሃ» የምትለው ውሃውን ጠጥታ ብርጭቆውን ካስቀመጠች በኋላ ሆነ። አንድ ቀን ለምሳ ወደ ቤት ስመለስ መስኮቱ ስር ተቀምጣለች፤ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ፣ ታብሌቱ ጭኗ ላይ፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የጎልማሶች ትምህርት ስትማር እንደነበረው ፊደል ፊደሉን እየለቀመች ታነባለች። እንዴት እዚያ ድረስ እንደገባች እንጃላት። ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች፣ ደግ ነገር እንደሠራ ሰው። ሄጄ ሳየው «ወደ ነበረበት መልስ» ይላል። ከስሩ «እርግጠኛ ነዎት?» ይላል። ጣቷ ግን «አዎ» ላይ አርፎ ተነስቷል።

ከዚያ በታች በደቃቅ ፊደል «ሁሉም ውሂብ ይሰረዛል» የሚል ነበረበት። ውሂብ ምን እንደሆነ አንተ ታውቅ ይሆናል፤ እኔ ግን ትምህርት ቤት ገብቼም እዚያ ደቂቃ ላይ ነው የገባኝ። ውሂብ ማለት ለካ እማዬ ናት። ስክሪኑ ጠቆረ፣ አንዲት መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መሄድ ጀመረች። እኔም ታብሌቱን ከእጇ ነጥቄ የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭኜ ቆምኩ፣ ጣቴ እስኪነጣ ድረስ። ጠፋ። አቆምኩት ብዬ ተነፈስኩ፤ ለካ ያቆምኩት መሀል መንገድ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ስከፍተው የሠራው ድርጅት ምልክት ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ብቅ ይላል። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል እሰማ ነበር፤ የጣት ወለምታ በምን እንደሚታሽ ግን የነገረኝ ሰው የለም።

ሰፈራችን ደረጃው ስር ጠባብ ሱቅ ያለችው ስልክ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ሰፈሩ «ቀስ በሉ» ነው የሚለው፣ ለሁሉ ሰው መልሱ ይቺው ቃል ብቻ ስለሆነች። እኔንም ቀስ በሉ አለኝ። ግማሽ ላይ የተቋረጠ ነው፣ የተጠረገውና ያልተጠረገው ተደባልቋል፣ የቱ የቱ እንደሆነ ታብሌቱም አያውቅም እኔም አላውቅም አለ። የተረፈው ይውጣልኝ ብዬ ለመንኩት። በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኘው፣ አልሆነም። ጓደኛው ጋ ደውሎ እንዲህ አድርገው ያለውን አደረገ፣ አልሆነም። ሌላ ጓደኛውን ጠራ፣ እሱም መጥቶ ራሱን አክኮ ሄደ። የምሳ ሰዓቴን እዚያች ሱቅ ደጃፍ ቆሜ አሳልፍ ጀመር። ልረዳው አልችል፣ ትቼው ልሄድ አልችል፣ ዝም ብዬ ጣቶቹን ማየት። ግማሹ የተተረተረ ስፌት ቢሆን አውቅበታለሁ፤ ክሩን ባለበት ቋጥሬ የቀረውን አተርፍ ነበር። ይኼኛው የሚቋጠርበት ቦታ የለውም።

ቤት ደግሞ ሌላ ጭንቅ ነበር። እንደምታውቀው እማዬ ታነባለች እንጂ ከስሟ ሌላ መጻፍ እጇን አይታዘዝላትም። ጠረጴዛ ትመታለች፣ ትጠቁማለች፣ እኔ እገምታለሁ። ትራስ ስትለኝ ብርድ ልብስ፣ ብርድ ልብስ ስትለኝ መድኃኒት አቀርባለሁ። ሲታክታት ዓይኗን ትጨፍናለች። አንጀቴን የምትበላው ያኔ ነው።

በመጨረሻ ቀስ በሉ አስቀመጠኝና ነገረኝ። ታብሌቱ እንዲነሳ ከተፈለገ የተጀመረው ጥረጋ ማለቅ አለበት። ሌላ መንገድ የለም፣ ካለም እኔ አላውቀውም፣ የሚያውቅ ሰው ካለሽ ውሰጅለት አለ። የሚያውቅ ሰው ከየት ላምጣ? ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። አየህ፣ ያንኑ ጥያቄ።

ያን ጊዜ አንተን አሰብኩህ። ሆስፒታል ወረቀቱን አቅርበው ፈርም ሲሉህ፣ ከኋላህ ቆሜ ለምን ይዘገያል ብዬ ተቆጥቼ ነበር። እስክሪብቶ ምን ያህል እንደሚከብድ አሁን ገባኝ። ጥያቄው ይመጣል እንጂ መልሱን የሚያውቅ ሰው አብሮት አይመጣም። «አዎ» አልኩ። ሁሉንም ጠረገው። «ውሸትህን ነው»ም፣ «ኧረ ክፈቱት»ም፣ «እሜቴ»ም ሄዱ። ወንድሜ፣ ከዚህ በኋላ «እሜቴ» ብሎ የሚጠራኝ ሰው የለም። ሱቁ ውስጥ አላለቀስኩም፤ ደረጃው ላይ ግን አልቻልኩም።

ታብሌቱማ ምን ገዶት፣ እንደ ሙሽራ አብርቶ ተነሳ። «እንኳን ደህና መጡ!» አለን። ወዲያው ደግሞ የቀድሞ ባለቤቱ ካልመጣ አልከፍትም ብሎ ድርቅ አለ። ያንተን ኢሜይል የመጀመሪያ ፊደል አሳይቶ ቀሪውን በኮከብ ሸፍኖታል። ቀስ በሉ እንደነገረኝ፣ በጎን ቁልፎቹ ተገደን ስለጠረግነው ሌባ የሰረቀው መስሎት ነው። እማዬን ሌባ አላት ማለት ነው። ያንተ ኢሜይልና ፓስዎርድ ካልገባለት ለዘለዓለም እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ሳይደግስ አይጣላም፤ ልሰናበት ስል ቀስ በሉ የታብሌቱን ጎን በመርፌ ነካ አድርጎ ከጥፍሬ የማትበልጥ ሚሞሪ አወጣ። ጥረጋው የታብሌቱን ሆድ እንጂ ይቺን አይነካትም አለኝ። አንተ ያስቀዳሃት ቃል ሁሉ ሆዱ ውስጥ ነበር። ታብሌቱ ላይ ባለው ተራ የድምፅ መቅጃ የተቀዳ ነገር ካለ ግን ሚሞሪዋ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ሥዕሎቹ ገጽ ላይ አይወጣም። የራሱ አሮጌ ስልክ ውስጥ ከተታት። ጥቂት ድምፆች ተገኙ።

ቀኑን አየነው። ኦፕራሲዮን የገባችበት ጠዋት ነው። እኔና አንተ ለመድኃኒት ታች ወርደን፣ ብቻዋን የቀረችበት ጊዜ መሆን አለበት። ኮሪደሩ ላይ ጋሪ ሲያልፍ ይሰማል። ከዚያ የእማዬ ድምፅ፣ ያ ሻካራው፣ «ኧረ ይኼ ነገር እየቀዳ ነው?» ይላል። ለራሷም ታጉረመርማለች፦ «የሰው ሁሉ ስም ሲያስቀዳኝ ሰንብቶ የራሱን ረሳው እኮ። ሞኝ ነው ይኼ ልጅ።» ቀጥሎ ትጠራሃለች። አንዱ ላይ ግቢ ውስጥ ኳስ ስትጫወት ለምሳ እንደምትጠራህ ጮክ አድርጋ «ጭራሮ!»። ሌላው ላይ ቀስ ብላ «ጭራሮዬ»። አንዱ ላይ ቆጣ ብላ «አንተ ጭራሮ!»። መጨረሻው ላይ ነርሷ ገብታ «እማማ፣ ተራዎ ደርሷል» ስትል እማዬ «አንዴ፣ አንዴ ብቻ» ትላለች። እንደገና ጠርታህ ያልቃል። ከዚያ በኋላ በዚያ ድምፅ የተናገረችው ነገር የለም።

አሁን ያቺን ቀን አስብልኝ። ስትነቃ ከአልጋዋ ግርጌ ቆመህ ነበር። ታብሌቱን አቀበልናት። ገጹን ወደፊት ትገልጣለች፣ ወደኋላ ትገልጣለች፣ አንተን ታያለች፣ ደግሞ ትገልጣለች። አንዱንም ሳትነካ ብርድ ልብሱ ላይ ወረወረችውና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ኮሪደሩ ላይ ምን እንዳልከኝ አልረሳሁም፦ «ድምፅዋን ያስወሰድኩባት እኔ ነኝ፣ ዓይኔን ማየት አልፈለገችም።» እኔም እንዲያ ነበር የመሰለኝ፤ ስለዚህ አይደለም አላልኩህም። አንተ የሥራ ጫማህን እንኳን ከቤት ሳትወስድ ሄድክ።

ትፈልግህ ነበር። የቀዳችውን ስምህን ነበር የምትፈልገው፣ ገጹ ላይ የሌለውን።

ከሄድክም በኋላ ያንን የሥራ ጫማህን ደጋግማ ስትጠቁመኝ «ከዓይኔ አርቂልኝ» ያለች መስሎኝ ዕቃ ቤት ወረወርኩት። ጠረጴዛውን መታች። ሴራሚክ መቁረጫህንም የምታስወጣኝ መስሎኝ እሱንም ወረወርኩ። እንደዚያ ቀን ተቆጥታ አታውቅም። ቤት ውስጥ ሁለት ሴቶች ነበርን፤ አንዷ መናገር የማትችል፣ አንዷ መስማት የማትችል። ጫማህን አውጥቼ ጠርጌዋለሁ፣ በሩ ጋ ነው።

ቀስ በሉ ያንን አሮጌ ስልክ አውሶናል። ድምፆቹን ስክሪኑ ላይ አስቀመጠላት። እንግዲህ የእማዬ ቃል ሁሉ እነዚህ ናቸው። ውሃ ስትፈልግ ትጠራሃለች። መስኮቱ ሲታፈን ትጠራሃለች። ሲያማት ቀስ ያለውን ትነካለች፣ ስዘገይባት «አንተ ጭራሮ!» ትለኛለች። በአንድ ስም ስንቱን እንደምታወራበት ብትሰማ ትገረም ነበር። እኔም አቤት እላለሁ፣ ምን ላድርግ። መጀመሪያ ሰሞን የማዶዋ ጎረቤታችን እጇን ሳትታጠብ ከነሳሙናው ሮጣ መጥታ «ጭራሮ መጣ እንዴ?» አለች። አልመጣም ስላት እማዬን አየቻት፣ እኔን አየችኝ፣ ሳሙናዋን ይዛ ተመለሰች። ቀንቻለሁ፣ አልዋሽህም። አንሶላ የማጥብ፣ መድኃኒት የምሰጥ እኔ፣ የምትጠራው አንተን። ግን ደግሞ ድምፅዋን ስሰማው ያንተ ስም መሆኑን እረሳውና ደስ ይለኛል።

ያንን ቁልፍ ለምን እንደነካች ማወቅ ፈልጌ ነበር። በልብስ ጠመኔዬ ጥቁር ጨርቅ ላይ «ወደ ነበረበት መልስ» ብዬ ጽፌ፣ እማዬ፣ ይኼ ምን መስሎሽ ነው አልኳት። ፊደሉን ለቀመችው። «መልስ» የሚለው ላይ ጣቷን አሳረፈች። ከዚያ ያንተን አልጋ ጠቆመችኝ። ከዚያ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።

ጸሎት መስሏት ነው፣ ወንድሜ። ከነ«እርግጠኛ ነዎት?»ው። «አዎ» ካላለች ምን ትበል ታዲያ?

ስለ ጤናዋ ጠይቀኸኝ ቢሆን ኖሮ የምነግርህ ይኼን ነው፦ ባለፈው ለምርመራ ወስጃት ነበር። ሐኪሙ ከእንግዲህ መመላለሱ ይቅርባቸው፣ ቤታቸው ይረፉ አለኝ። መድኃኒቶቹንም አስቁሞ የሚያስታግሳትን ብቻ ጻፈልን። እማዬ ያንን ሁሉ ደረጃ መውጣት ስለቀረላት ደስ ብሏታል። እኔም ደስ ብሎኛል ብያታለሁ።

ፓስዎርዱን በተመለከተ ቀስ በሉ እውነቱን ነግሮኛል። ቢገባለትም ታብሌቱ ባዶ ነው፣ የሚመለስ ነገር የለም። ታዲያ ለምን ትጠይቂኛለሽ ብትለኝ፣ ሌላ ምን ብዬ ልጀምር? ደግሞም ፓስዎርድ ወረቀት ላይ አይጻፍም፣ በሰው እጅም አይላክም ብሏል፤ ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ያስገባው ነው የሚለው። የሚያውቅ ሰው የነገረኝን ነው የምነግርህ። ሹፌሩ ባዶውን ነው የሚመለሰው፣ ወንበር አለኝ ብሎኛል። በዚህ ጉዳይ ብቻ ቀስ አትበል።

ፈጣሪ እጅህን ይባርክልህ፣ ጉልበትህን ያጽናልህ፣ መንገድህን ያቅናልህ። ያነጠፍከው ወለል ሁሉ የሰላም መሄጃ ይሁን። የሚያስከፋህን ሁሉ ያርቅልህ፣ እኔንም ጭምር፣ አስከፍቼህ ከሆነ።

ደብዳቤውን ልቋጭ ስል ይኸው ከወዲያ ክፍል ትጠራሃለች። ቀስ ያለው ነው።

እስክትመጣ እኔ አቤት ልበልልህ።

ታላቅ እህትህ